ጫማውን እኔ ቤት አውልቆ ይሄዳል

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፦

«ዕድሜዬ 62 ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት አለፋት። ሴቷ ልጄ ባል አግብታ አዲስ አበባ ናት፤ ወንዱ ካናዳ ነው። እኔ ጎንደር፣ ከአራዳ ገበያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ድሮ እንግዳ በማያጣው ቤት ውስጥ ብቻዬን ቀርቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ክረምት አንድ የጎረቤት ልጅ ዝናብ ይዞት በረንዳዬ ላይ ተጠለለ። ብቻዬን ገበጣ እጫወት ነበር፤ ቀኝ እጄ ከግራ እጄ ጋር። ቆሞ ሲያይ ቆየና ‹አባባ፣ ግራዎ እያጭበረበረች ነው› አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ምሳ አብረን እንበላለን።

ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል። እናቱ ቤይሩት ከሄደች አራት ዓመቷ ነው ይላሉ። አባቱ ሌላ አግብቶ መተማ ሰሊጥ እርሻ ላይ ይሠራል፤ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። የእንጀራ እናቱ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ ሁለት ሕፃናት አሏት። አትመታውም፤ ግን አታየውም። በላ አልበላ፣ ታመመ አልታመመ የሚል ሰው የለውም። ውኃ መቅዳቱ፣ እንጀራ ማድረሱ ግን የእሱ ነው። ቀኝ ጆሮው ከፋሲካ ጀምሮ መግል ይፈሳል፤ ስጠራው በግራው በኩል ይዞርልኛል። አስተማሪው ፈዛዛ ነው ብሎታል።

አራዳ ወርጄ ጫማ ገዛሁለት። እኔ ቤት ሲገባ ያደርገዋል፤ ሲወጣ አውልቆ አልጋዬ ሥር ይሸጉጥና የተቀደደች ኮንጎውን አጥልቆ ይሄዳል። ብልህ ልጅ ነው።

አሁን ሰው ማውራት ጀምሯል። አንዲት ጎረቤት እየሰማሁ ‹ሽማግሌ ቤት ዘግቶ ከሰው ልጅ ጋር ምን ይሠራል?› አለች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቱን ጠይቄ ልጁን በሕግ ልውሰደው? ወይስ በሬን ልዝጋ? ባልመጣ ቀን ምሳ አይወርድልኝም።»

ገበጣ ተጫዋቹ፣ ከጎንደር

ጋሼ፣

ልጁን ይውሰዱት አልልዎም፤ በርዎንም ይዝጉበት አልልዎም። በሁለቱ መካከል ብዙ ሥራ አለ፤ እሱም የሚጀምረው አልጋዎ ሥር ካለው ጫማ ነው።

ጫማውን መደበቁን እርስዎ ብልህነት ብለውታል። ብልህነቱስ ብልህነት ነው፤ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን አስቦ እዚያ እንደ ደረሰ ይገምቱ። አድርጎት ቢገባ «ማን ገዛልህ?» መባሉ አይቀርም። እውነቱን ቢናገር የእንጀራ እናቱ ታፍራለች፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ይቆጣል፤ ሲቆጣ «ሁለተኛ እዚያ ቤት እንዳትደርስ» ይመጣል። ቢዋሽም ይነቃበታል። ስለዚህ በአንድ ግቢና በሌላው መካከል እርስዎን ደብቆ ይመላለሳል፤ በዚህ ዕድሜው ያልተጫነበት ሸክም ይህ ብቻ ነበር። የበለጠ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ልጁ ከእርስዎ ቤት ሳያውቁት የሚማረው ነገር «ትልቅ ሰው የሰጠኝን ነገር ለቤት አልናገርም» የሚል ነው። ዛሬ ትልቁ ሰው እርስዎ ስለሆኑ ግድ የለም። ነገ ሌላው መጥቶ ጫማ ይሁን ከረሜላ ይዞ «ለማንም እንዳትናገር» ቢለው፣ ልጁ መንገዱን ተለማምዶታል።

ለዚህ ነው በጎረቤትዎ ላይ እንደ እርስዎ ያልተናደድኩት። አነጋገሯ ክፉ ነው፤ ፊት ለፊት መጠየቅ ስትችል ጆሮዎ እስኪሰማ ማሽሟጠጧም አያምርም። ጥያቄው ግን የሰፈር ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። ብቻውን የሚኖር ወንድና አሳዳጊ የራቀው ልጅ አንድ ቤት ውስጥ ሲውሉ ማንም «ምንድን ነው?» የማይልበት ሰፈር ለልጆች ጥሩ ሰፈር አይደለም። ንጹሕ ሰው በመሆንዎ ተከፍተው ቢያኮርፉ የሚጎዳው ልጁ ነው። ይልቅ መልሱን በዓይኗ እንድታየው ያድርጉ። ገበጣው ወደ በረንዳው ይውጣ። ዝናብ ሆኖ ወደ ውስጥ ከገባችሁ በሩ ወለል ብሎ ይከፈት። ልጁ እርስዎ ዘንድ አያድር፤ የእንጀራ እናቱ ሳታውቅ ከሰፈር ይዘውት አይውጡ። ሌሎቹንም ልጆች ይጥሯቸው። ገበጣ ሁለት ሰው ቢጫወተውም ዙሪያውን ቆሞ ካልተንጫጫበት ምኑን ገበጣ ሆነ? ያ ልጅ ጓደኛም ያስፈልገዋል፤ እርስዎ ደግ አባባ ሊሆኑለት ይችላሉ፣ ዕኩያ ግን አይሆኑትም።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልምጣ። ስለ እሷ የጻፉት ጥቂት ነው፤ ከእሱም ውስጥ ደግ ቃል አላገኘሁም። እኔ ከዚያው ደብዳቤ ያነበብኩት ሌላ ነው። ባሏ መተማ፤ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ገንዘቡም ወሬውም የሚቋረጥባት፤ ሁለት ሕፃናት የያዘች፤ መብራት ሲጠፋ በእንጨት ጭስ እየተለበለበች የምትጋግር፤ ከዚያች ገቢ ላይ ደግሞ የሌላ ሴት ልጅ የምታበላ። ጥሩ አድርጋ አላሳደገችውም፤ አውቃለሁ፣ ጆሮው እስኪመግል ዝም ማለቷ አያስመሰግናትም። ነገር ግን አላባረረችውም፤ ትምህርት ቤትም ይሄዳል። ይህን ሳይቆጥሩላት እሷ ቤት ቢገቡ ፊትዎ ላይ ይታይብዎታል፤ ሴት ደግሞ ይህን ለማንበብ ደቂቃ አይፈጅባትም።

ባሏ በሌለበት ብቻዎን አይሂዱ። ሁለታችሁም የምታከብሯት አንዲት እናት ይዘው ይሂዱ፤ ከእድራችሁ ብትሆን ጥሩ። ቡና በሚፈላበት ሰዓት ይሁን። ድፍረቱ ካለዎት ያችኑ ያማችዎትን ጎረቤት ይዘው ይሂዱ፤ እኔ ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው። ጭብጥዎን ከጫማው አይጀምሩ፤ ከጆሮውም አይጀምሩ። መጀመሪያ ደንበኛ ይሁኑ። እንጀራ ከየትም ቢሆን ይገዛሉ አይደል? ከእንግዲህ ከእሷ ይግዙ፤ ሒሳቡን በሳምንት በሳምንት ይክፈሉ፤ ልጁ ያድርስልዎ። አሁን የልጁ ወደ እርስዎ ቤት መምጣት ስም አገኘ፤ ለሰፈሩም፣ ለእሷም፣ ለራሱም። እንጀራውን ይዞ መጥቶ አንድ ዙር ገበጣ ተጫውቶ ቢመለስ ማንም ምንም አይለውም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በነሐሴ መግቢያ ነው፤ ቡሄ ደርሷል። ሙልሙሉንም እሷን አስጋግሩ፤ ሆያ ሆዬ ብሎ ለመጣ ልጅ ሁሉ ይስጡ። ከእነዚያ መካከል እሱም ይቀበላል፤ ጅራፉን እያጮኸ፣ እንደ ማንም ልጅ።

ከዚያ ስለ ጆሮው ይናገሩ። አነጋገሩ እንዲህ ቢሆን፦ «እታለም፣ ልጁ ስጠራው በግራው ነው የሚዞርልኝ፤ ቀኙ አይሰማ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። አንቺ ከሕፃናቱ ጋር እንዴት ትሆኚያለሽ፤ ከፈቀድሽ እኔና እትዬ ጤና ጣቢያ እናድርሰው።» «ለምን ዝም አልሽ?» የምትል ቃል እንዳታመልጥዎ።

ጆሮው ግን ቀን አይሰጠውም። ከሁለት ሳምንት በላይ መግል የሚፈስ ጆሮ ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ነው የሚያዘው፤ የእሱ ደግሞ ከፋሲካ ጀምሮ ነው። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ታምቡሩ ተበስቶ ነው፤ ሳይታከም ሲቆይ መስማትን ይቀንሳል፣ አልፎ አልፎም ወደ አጥንቱ ይዘልቃል። አስተማሪው ፈዛዛ ያለውም እኮ ልጁ ስለማይሰማው ይሆናል፤ የሚባለውን ግማሹን ብቻ የሚሰማ ልጅ እንዴት አይፈዝ? ሕክምናው በመጀመሪያ ደረጃ ከባድ አይደለም፦ ጆሮውን በንጹሕ ጨርቅ ጫፍ ማድረቅ፣ የሚታዘዝለትን የጆሮ ጠብታ በሰዓቱ ማድረግ፣ ውኃ እንዳይገባበት መጠበቅ። ይህ ማለት እስኪድን ቀሃ ወንዝ ወርዶ መዋኘት የለም ማለት ነው፤ በክረምት ይህን ለወንድ ልጅ ማስረዳት ከሕክምናው ይከብዳል። ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂ፣ ክብሪት እንጨት፣ ወስፌ ምናምን ወደ ጆሮው እንዳይደርስ። ጤና ጣቢያው ካላመነበት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይጽፍለታል። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆነ ደብተሩ ልጁን ይሸፍናል፤ ደብተሩ ደግሞ የሚገኘው ከእሷ ሣጥን ነው። አዩ፣ ሁሉም መንገድ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ለአስተማሪው «ቀኝ ጆሮው አይሰማምና ከፊት፣ ግራው ወደ እርስዎ እንዲሆን ያስቀምጡት» የሚል ሰው ይኑር። ያ ሰው እርስዎ ከሆኑ እሷ የላከችዎት ሆነው ይሂዱ።

ጫማው ለዘመን መለወጫ ይቆይ። በዚያ ቀን ልጅ አዲስ ነገር ቢያደርግ ማን ሰጠህ የሚለው የለም። በዋዜማው ለእሷ ይስጧት፤ «ለበዓሉ አንቺው አልብሺው» ይበሉ። ለሁለቱ ሕፃናትም አንዳንድ ነገር ይጨምሩ፤ ትንሽ ካልሲም ቢሆን። ልጁ ጫማውን ያውቀዋል፤ ከማን እንደ መጣም ያውቃል። ከእሷ እጅ መቀበሉ ግን ለእሱ ሌላ ነገር ነው፤ ለእሷም። ምስጋናው ለእሷ መሄዱ ይከነክንዎት ይሆናል። ይከንክንዎት።

እናቱን በግማሽ መስመር አለፏት። «ቤይሩት ከሄደች አራት ዓመቷ ነው ይላሉ።» ማን ነው የሚለው? ገንዘብ ትልካለች? በኢሞ ትደውላለች? ልጁስ ድምፅዋን ሰምቶ ያውቃል? ዓረብ አገር ከሄዱት ስንቶቹ ስልካቸው በአሠሪ እጅ ነው፤ ስንቶቹ የላኩት ገንዘብ ለልጃቸው የደረሰ መስሏቸው ይኖራሉ። ጠፍታ ነው ወይስ እንዳትገኝ ተደርጋ፣ እርስዎም እኔም ሳናውቅ ልጁን እናት እንደ ሌለው አንቁጠረው። ይህንን ግን በድብቅ አይፈልጉት፤ በስልክዎ እናቱን አገናኝተውት አባትየው በኋላ ቢሰማ የሠሩት ሁሉ ይፈርሳል። ጥያቄው ለአባትየው የሚቀርብ ነው። የክርስትና አባትስ አለው? ክርስትና ሲነሣ አንድ ሰው አቅፎት ነበር፤ ያ ሰው አጠገባችሁ ደብር ውስጥ ቆሞ ያስቀድስ ይሆናል። ይፈልጉት። ልጁን የመጠየቅ ግዴታ እንዳለበት ማንም ማስታወስ ይችላል፤ የነፍስ አባቱ ደግሞ በተለይ።

በሕግ ስለ መውሰድ ለጠየቁኝ፦ በክልላችን ጉዲፈቻ በቤተሰብ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የሚመራ ነው። ከአባትየው ጋር ተስማምቶ በሽማግሌ ፊት ወረቀት መፈረም አይበቃም፤ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው የልጁን ጥቅም ነው፤ የወላጆቹንም ፈቃድ ይፈልጋል፤ ቤይሩት ያለችው እናት እዚህም ትነሣለች። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። ሕጉ ባይኖርም ግን ምክሬ ያው ነው። ልጁ 18 ሲሞላው እርስዎ 71 ይሆናሉ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ፤ ግን ከአንድ ቤት ነቅለው ወደ ሌላ ቤት ሊያስገቡት ነው፤ ሁለተኛውም ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ይልቅ ሁለቱም ቤቶች ይኑሩት።

ይህ ሁሉ ግን ነገሩ እንደ ጻፉልኝ ከሆነ ነው። ሰውነቱ ላይ ምልክት ካዩ፣ ከትምህርት ቤት ካስቀሩት፣ ረኃቡ የምሳ ሰዓት መሆኑ ቀርቶ የሰነበተ ከሆነ፣ ወይም ልጁ የሚፈራው አንድ የተለየ ሰው ካለ፣ ቡናውን ይተዉት። የዚያን ቀን ወደ ቀበሌው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ወይም ወደ ፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ይሂዱ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 በአደራ ያለን ልጅ መበደልን፣ ችላ ማለትን፣ ከአቅሙ በላይ ማሠራትንና መደብደብን ከ3 ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል፤ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ ይከብዳል። አንቀጹን ይወቁት፤ አሁን ባለው ሁኔታ ግን አይምዘዙት። ሴትዮዋ 3 ወር ብትታሰር ሦስት ልጅ ነው ሜዳ ላይ የሚቀረው።

ስለ ራስዎም ትንሽ ልናገር፤ አይቀየሙኝ። «ባልመጣ ቀን ምሳ አይወርድልኝም» ብለዋል። ልጁ ይህን እንዳይሰማ። ቤቱ ውስጥ ውኃ ቀጂ ነው፣ እንጀራ አድራሽ ነው፤ የእርስዎ ምሳ ጠባቂም አይሁን። አንድ ቀን ኳስ ጨዋታ ይበልጥበታል፣ ወደ አምስተኛ ክፍል ሲሻገር ደግሞ ገበጣ የሽማግሌ ጨዋታ ነው ብሎ ያፍርበታል፤ ያን ጊዜ ቅር ሳይልዎ «ሂድ» ማለት የሚችሉት አብሮዎት የሚበላ ሌላ ሰው ካለዎት ነው። ባለቤትዎ ካረፉ በኋላ ሰንበቴውን ትተውት እንደሆነ ይመለሱበት። ጃን ተከል ዋርካ አካባቢ የዕድሜ እኩዮችዎ አይጠፉም፤ ግራ እጅዎን ማጭበርበር የሚያስተዉ ሰዎች ናቸው። ለሴት ልጅዎም ይደውሉላት። የሰፈሩን ወሬ ከሌላ ሰው ሰምታ ከምትደነግጥ ልጁንም፣ ሴትዮዋንም፣ ጫማውንም አሁኑኑ ይንገሯት፤ ለበዓል ስትመጣ ታየው።

አባትየው ሲመጣ ነገሩን የሚያነሡት እርስዎ አይሁኑ። አንድ ሽማግሌ ያንሣው፤ እርስዎ አጠገቡ ይቀመጡ። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ከትምህርት በኋላ እርስዎ ዘንድ እንዲያጠና፣ ሕክምናውን እንዲከታተሉለት፣ እናቱን በስልክ እንዲያገኛት። «ልጄን ልትወስዱብኝ ነው ወይ?» ቢል «አይደለም፤ አንተ መተማ ሳለህ ዓይኔን ላኑርለት ነው» ይበሉት። በዚያ ሰዓት ልጁ እዚያ አይኑር። ስለ እሱ ትልልቅ ሰዎች ሲደራደሩ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ እንዳይሰማ ለአንዲት እናት አደራ ተሰጥቶ ከሕፃናቱ ጋር ወጣ ይበል፤ በግራ ጆሮው ሁሉንም ይሰማልና።